ገጽ፦ በእሳት የተጎዳ

ወንድሜ ሳንቲሟን ከአዲስ አበባ አሳሽጎ ያመጣት ዕለት እናቴ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከቦርሳው አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ስፋቱ የሞባይል ግማሽ ያህላል። መሐሉ ላይ ነጭ ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ መሐል ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ነሐስ ተቀምጣለች። ከላይ ትንሽ ወረቀት አብራ ታሽጋለች። «የአክሱም ዘመን፣ ነሐስ» ይላል። ከሥሩ «ደረጃ፦ መካከለኛ»፤ ከዚያም ሥር «ገጽ፦ በእሳት የተጎዳ»።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ዐይኗም ደክሟል። ፕላስቲኩን አገላበጠችው፤ በጥፍሯ ቧጠጠችው። ከዚያ ቀስ አድርጋ አንኳኳችውና ጆሮዋን አስጠጋች።

«እጇ የታለ?» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን የማንን እጅ እንደምትል ስለማውቅ ተነስቼ ምንም ሥራ ወደሌለኝ ወጥ ቤት ገባሁ።

እጇ የታላቅ እህቴ እጅ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ካልነገርኩ ለሚሰማው ሰው እብደት ይመስላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

አባታችን የዶርዜ ሸማኔ ነበር። ወጣት ሳለ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች መወርወሪያውን ይዞ ሰሜን ድረስ ሄዶ ሠርቷል። እዚያ ጋቢ የሠራላቸው አንዲት አሮጊት ይችን ሳንቲም በስጦታ ሰጡት። ክረምት ላይ ዝናብ ማሳውን ሲያጥበው ከአፈር ውስጥ እንዳገኟት ነግረውታል። በአንድ በኩል የንጉሥ ፊት ከጎኑ ይታያል፤ በሌላው በኩል ትንሽ መስቀል አለባት። አባቴ ይዟት ዶርዜ ተመለሰ። ከቀርከሃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰክቷት፣ ከጣሪያው ጋር አብራ በጭስ እየጠቆረች ኖረች። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ቤተሰባችን ጌታን የተቀበለው እኔ ገና ከእናቴ ቀሚስ ሥር በማልወጣበት ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ ያመነ ቤተሰብ ከቀድሞው አምልኮ ጋር የተነካካ ዕቃውን ሁሉ ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል። የአያቴ ጨሌ ወጣ፤ የብረት አንባሮች ወጡ፤ ቀንድም፣ ቅልም ወጣ። አንዱ ከግድግዳው ላይ ሳንቲሟን ነቅሎ ለወንጌላዊው አሳየው። ወንጌላዊው ፊቱን አይቶ «ይሄ ማነው?» አለ። ማንም አያውቀውም። አባቴም ስሙን አያውቅም። የማይታወቅ ፊት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ማደር የለበትም ተባለና እሳቱ ውስጥ ተወረወረች።

ገልብጦ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ጸሎት ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል። አንድ ጊዜ ገልበጥ ቢያደርጓት መስቀሉን ያዩት ነበር።

እህቴ ታውቃለች። ግድግዳው ላይ ስትጫወትባት ነው ያደገችው። «ጀርባዋ መስቀል ነው! ጀርባዋ መስቀል ነው!» እያለች ጮኸች፤ ግን መዝሙሩ ደምቆ ነበርና የሕፃን ጩኸት ለማን ይሰማል? እኔ ብቻ ሰማኋት። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ከፍሙ ዳር ሰደደች። ስታወጣው ጭብጧን ዘግታ ነበር። አላለቀሰችም። እናቴ ወደ ሽታው ዞር ብላ ነው ያወቀችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታስለቅቃት እኔ ከጉልበቷ አጠገብ ነበርኩ። ሳንቲሟ ከመዳፏ ጋር ተጣብቃለች። እናቴ ቅቤ ቀብታ ስትስባት ቆዳ ይዛ ወጣች።

ያን አይቻለሁ። ስለ ልጅነቴ የማስታውሰው ብዙ ነገር ደብዝዟል፤ ይሄ ግን ምንም አልደበዘዘም።

ቁስሉ ዳነና በመዳፏ መሐል ክብ ጠባሳ ቀረ። በጣት ስትዳስሰው መስቀሉም ይታወቃል እንባባል ነበር፤ እውነት ይሁን ወይም እኛ ፈልገነው እንጃ። እህቴ ግን መጫወቻ አደረገችው። ቀልደኛ ነበረች፤ ሥራ ስታስፈታኝ የሚያህላት አልነበረም። «ነይ ማኅተም ልምታብሽ» ትልና አባርራ ይዛኝ መዳፏን ጉንጬ ላይ ትለጥፋለች። እኔ እጮኻለሁ፤ እሷ መሬት ላይ እስክትንከባለል ትስቃለች። ጠባሳው ከሌላው ቆዳዋ ይልቅ ይለሰልስ ነበር፤ ደግሞም ቀዝቀዝ ይላል።

አድጋ ቆላ፣ ላንቴ የሚባል ቀበሌ ተዳረች። ባሏ የሙዝ ማሳ ነበረው። በሠርጓ ዕለት ሳንቲሟን ለእናቴ ሰጥታት ሄደች። «እኔ ቅጂው አለኝ» ብላ መዳፏን አሳየቻት፤ ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ። ብዙም አልቆየችም። በአንድ የበልግ ዝናብ ሙዝ ተሸክማ ወንዙን ስትሻገር ደራሽ ውሃ ወሰዳት። ወንዶቹ ዳር ዳሩን እየፈለጉ አባያ ሐይቅ ድረስ ወረዱ። አላገኟትም። መጨረሻ ላይ የታየው እጇ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አላምናቸውም፤ ሰው ወሬ ማሳመር ይወዳል። ግን መስማት የማልፈልገውን ነገር አንዴ ከሰማሁት ወዲያ ከጆሮዬ አላወጣው አልኩ።

አስከሬን ሳይኖር ድንኳን ተተከለ፤ አስከሬን ሳይኖር ተዘመረ። የሚቆፈር ጉድጓድ አልነበረም። እናቴ ከልቅሶው ስትመለስ ሳንቲሟን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ በግራ እጇ ጨበጠቻት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ጨብጣት ትቀመጣለች። ትፈታዋለች፣ መዳፏን ታሸታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ጸሎት አይደለም፤ ጸሎቷን ለብቻው ነው የምትጸልየው። መቃብር ያለው ሰው መቃብር ይሄዳል፤ እሷ የምትሄደው ወደ መዳፏ ነበር።

አባቴ ሲሞት እናቴን ከዶርዜ ብርድ አውርጄ ወደ እኔ አመጣኋት። እኔ አርባ ምንጭ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሳንቲሟም አብራት ወረደች። ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። ላይ ዶርዜ ጭስና ቅቤ ሲጠብቋት ኖረዋል፤ እዚህ ያለው ወበቅና ላብ ነው። ጥቂት ቆይቶ የእናቴ መዳፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ማየት ጀመርኩ። የትራስ ልብሷም ላይ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ጨውና እርጥበት ነሐስ ውስጥ አንዴ ከገቡ ይበሉታል፤ የተበላው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። መስቀሉ አንድ ክንዱ ጠፍቶ ነበር። እናቴ በጨበጠቻት ቁጥር እያለቀች ነው ማለት ነው።

ለወንድሜ ነገርኩት። ወንድሜ አስጎብኚ ነው፤ ሥራው ፈረንጅ በጀልባ አሳፍሮ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ማሳየት ነው። አዞ ካላየ ቁርስ አይወርድለትም ብዬ አበሽቀዋለሁ። ከቱሪስቶች ጋር ሲውል የጥንት ሳንቲም ነገር ለምዷል፤ በቴሌግራም የሚያወራቸው ሰብሳቢዎችም አሉት። «ስላብ ይሉታል» አለኝ። «ባለሙያ ያየዋል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ አሽጎ ይሰጥሻል። ከዚያ በኋላ እጅ የሚባል ነገር አይነካውም።» ውጭ አገር ላሉት አሻጊዎች መላክ አይቻልም፤ ቅርስ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ግን አዲስ አበባ ማሸጊያው ያለው፣ በራሱ ዕውቀት ደረጃ የሚሰጥ አንድ ሰብሳቢ ያውቃል።

እኔ ወዲያው ተስማማሁ። እንዲያውም ከእሱ በላይ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ካልታሸገች ትረግፋለች፣ ከረገፈች ለማንም አትሆንም አልኩ። ለእናቴ «በሽታ ይዟታልና ሐኪም ጋ ትሂድ» ብለን ነገርናት። ውሸት አልነበረም፤ ሙያው ያላቸውም «የነሐስ በሽታ» ነው የሚሉት። እናቴ ሳታቅማማ ሰጠችው። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ «መንገድ ላይ እንዳትጥላት» አለችው። ከዚያ በየቀኑ «ተሻላት ወይ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ተሽሏት ስትመለስ ይኸው እጇ የለም።

ፕላስቲኩን ሳሎን መደርደሪያ ላይ አቆምነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ስትቀመጥ ልማዷ አልተዋትም፤ ባዶ ግራ እጇን ጨብጣ ትቀመጣለች፤ ትፈታዋለች፤ ታሸታዋለች። ምንም ሽታ የለውም። መልሳ ስትዘጋው ፊቷ ላይ የማየው ነገር ነበር፤ ዕቃ አስቀምጠው ሲመለሱ ቦታው ላይ ሲያጡት ያለው ዓይነት ፊት። ከዚያ ትነሳና መደርደሪያው ጋ ሄዳ ፕላስቲኩን ታንኳኳለች። ጆሮዋን ታስጠጋለች። ትመለሳለች።

«እማዬ፣ አታንኳኪ» እላታለሁ።

«ከፈተች እንደሆነ ብዬ ነው» ትለኛለች።

ከጊዜ በኋላ ማንኳኳቱ እሷ በሌለችበትም ይሰማኝ ጀመር። የፈተና ወረቀት ሳርም ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ከመደርደሪያው በኩል ይመጣል። ለዚህም ምክንያት አላጣሁም፦ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ቀትር ላይ ቤቱ ይግላል፣ ፕላስቲክ ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይንጣጣል። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። አንድ እሁድ እናቴ ከጎረቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ብቻዬን ሽንኩርት ስከትፍ ድምፁ መጣ። ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ ጥቂት እርምጃ ነው። አልሄድኩም። ቢላዋውን ጠንከር አድርጌ መክተፍ ጀመርኩ። የሳይንስ መምህሯ ሽንኩርት እየደበደበች ድምፅ ስትሸፍን ማን ባያት! ግራ ጉንጬ ቀዝቅዞኝ ነበር። ክብ ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ።

ወረቀቱም ያስቸግረኝ ነበር። አቧራ ስጠርግ ዐይኔ እዚያው ላይ ያርፋል፦ በእሳት የተጎዳ። ያየው ሰው ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ያልተሳሳተ ነገር ነው የጻፈው። ግን የልጅ ጩኸትና መዝሙሩ፣ የቅቤውም ሽታ ሁለት ቃል ሲሆኑ ማየት ያንገበግባል።

በልግ ገባ። ዝናቡ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ ከተማውን ለቀናት ጨፈነው፤ ወንዞቹ ቀላ ብለው ሞሉ። አንድ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል እናቴ ፕላስቲኩን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣች። የደከመ ዐይን ዝርዝር አያይም እንጂ የሚያብለጨልጭ ነገር አያመልጠውም። ወደ እኔ ዞረች።

«ውሃ ውስጥ አስገባችኋት» አለች።

ተቀበልኳትና አየሁ። ከፕላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ የላብ ፍንጣቂ የሚያካክሉ ጠብታዎች ተሰልፈዋል። ስትታሸግ እርጥበቱን ይዛ ነው የታሸገችው፤ ሙቀቱ ሲመጣና ሲሄድ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይመላለሳል። አረንጓዴው ስፖንጁን ጀምሮታል። እጅ ሊያጠፋት ነው ብዬ ያሸግኳት ሳንቲም ያለ እጅ እየጠፋች ነበር፤ ያውም እያየናት፣ ልንነካትም ልናደርቃትም ሳንችል። የሚሆነውን በቀመር ልጽፈው እችላለሁ። እናቴ ግን በትክክል ተናግራዋለች፤ እኔ የምጨምረው አልነበረም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ለወንድሜ ስደውልለት መጣ። ልንሰብረው ነው ስለው መጀመሪያ ተቆጣ።

«ከሰበርሽው ደረጃው ተሰረዘ ማለት ነው» አለ።

«ደረጃው ምን ያደርግላታል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልታልፍበት ነው?»

«አንቺ ትቀልጃለሽ።» ወንድሜ ሲያለቅስ ከአባታችን ቀብር ወዲህ አይቼው አላውቅም። «አንቺ አብረሻት አድገሻል። እማዬም ወልዳታለች። ውሃ ሲወስዳት እኔ አራስ ልጅ ነበርኩ። ፊቷን አላውቀውም። ፎቶ የላትም፣ መቃብር የላትም። እዚህ ውስጥ ስትሆን ቢያንስ አያታለሁ። ይቺ አልቃ ዱቄት ከሆነች እኔ ምን አለኝ?»

ስለ ደረጃና ስለ ሰብሳቢ ሲያወራ ፈረንጅ መምሰል ያማረው ነበር የሚመስለኝ። እህቱን ማየት ነበር ያማረው።

እናቴ ይሄን ሁሉ ሰምታለች። ለእሱ እጇን ዘረጋችለት፤ ሕፃን ሳለ እንደምታደርገው አጠገቧ አስቀመጠችው። «ፊቷ የኔ ፊት ነው» አለችው። «እኔን እይ። አሁን አውጣት፤ ውሃ ውስጥ ነች።»

ወንድሜ ፊቷን አየ። ከዚያ ራሱ ተነስቶ ከጓዳ ዘነዘናውን አመጣ። ፕላስቲኩን ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ዳሩን መታው። ጠንካራ ነበር፤ ደጋግሞ መታው። ሲሰነጠቅ የወጣው ድምፅ ያ ስሰማው የከረምኩት ድምፅ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። ስንጥሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ሳንቲሟን በሁለት ጣቱ አወጣት። የንጉሡ ፊት ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። መስቀሉ ጎድሎም ቢሆን አለ። ከእንግዲህ ብናደርቃትም፣ ብንሸፍናትም፣ ምን ያህል እንደምትቆይ ማንም አያውቅም፤ ያን ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ ሰሙኝ።

ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ጨበጠቻት፣ ፈታቻት፣ አሸተተቻት። ትንፋሿ ረዘመ። አለቀ፣ ተገላገልን ብዬ ልነሳ ስል ግን «ነይ» አለችኝ።

«ምን ላምጣልሽ እማዬ?»

«ምንም አታምጪ። እጅሽን ስጪኝ።»

አልሰጠኋትም። እጄ ሳላዝዘው ወደ ኋላዬ ሄደ። እናቴ ለወንድሜ ነው የተናገረችው፤ እኔ እንደሌለሁ አድርጋ፦ «ይቺ ያኔ ከጉልበቴ ሥር ሆና አይታለች። ስትላቀቅ አይታለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ነክታት አታውቅም። ስትጠርግ እንኳ በጨርቅ ነው የምታነሳት።»

ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። እኔም ራሴ አውቃለሁ ለማለት ደፍሬ አላውቅም። ላቡ፣ ጨዉ፣ እርጥበቱ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ከፊት የቆመ መጋረጃ ነበር። በእኔና በዚያች ሳንቲም መካከል አንድ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ነገር እንዲቆም የፈለግኩት እኔ ነኝ። ሳንቲሟ ላይ የእህቴ ቆዳ ያለ ይመስለኛል። ይህን ያህል ዓመት፣ እስከ ዛሬ፣ ያለ ይመስለኛል።

«እኔ ሂያጅ ነኝ» አለች እናቴ። «እኔ ስሄድ ማን ይይዛታል? እሱ ያያታል። የምትይዛት አንቺ ነሽ።»

እጄን ከኋላዬ አውጥታ ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቼን በሁለት እጇ ዘጋቻቸው፤ ያኔ የእህቴን ጣቶች እንዳስለቀቀቻቸው፣ አንድ በአንድ። ልወረውራት ፈለግኩ። እናቴ ግን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። መጀመሪያ ቀዘቀዘችኝ፤ ቆየች፤ ከዚያ ሞቀች። ቀላል ነበረች፤ እንዲህ ቀላል አትመስለኝም ነበር። ወንድሜ ስንጥሩን እየጠረገ አልፎ አልፎ የእናታችንን ፊት ቀና ብሎ ያያል።

እናቴ ደክሟት ጋደም አለች። ግራ እጇ ከአልጋው ዳር ተዘርግቶ ነበር፤ ተከፍቶ።

ሳንቲሟን በአባቴ የሸማ ቁራጭ ጠቅልዬ አስቀመጥኳትና እጄን ልታጠብ ደጅ ወጣሁ። ቧንቧውን ከፈትኩ። መዳፌን ስዘረጋ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ክብ ነበር፤ እህቴ ጉንጬ ላይ በምትመታው ማኅተም ልክ። ዝናቡ ከላይ ዶርዜ በኩል እንደገና ያጉረመርማል። ውሃው ከቧንቧው እየወረደ ቆምኩ።

ከዚያ ቧንቧውን ዘጋሁትና እጄን ሳልታጠብ ገባሁ።